ገመድ አልባ የወረፋ ሥርዓት በላሊበላና በላስታ ደጋ

ገመድ አልባ የወረፋ ሥርዓት በባንክ፣ በሆስፒታል ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚመጣ ባለጉዳይ ሁሉ እንደ አመጣጡ ተራ ቁጥር የሚሰጥ፣ ተረኛውንም በሰሌዳና በድምፅ የሚጠራ፣ ክፍሎቹ በሽቦ ሳይሆን በሬዲዮ ሞገድ የሚገናኙ የመሣሪያዎች ስብስብ ነው። ተራ ማስከበር በራሱ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ በቦኖ ውኃ አጠገብ የተደረደረ ጀሪካን ባለቤቱን ወክሎ ወረፋ ይይዛል፣ በታክሲ መነኸሪያም ተራ አስከባሪ አለ። መሣሪያው የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ስለሆነ የሰውን ብዛት አይቀንስም፣ የአስተናጋጁንም እጅ አያፈጥንም፤ ጥቅሙ ቀድሞ የመጣው ቀድሞ እንዲስተናገድ ማድረጉና ጠባቂውን ቆሞ ከመጋፋት አውጥቶ አግዳሚ ላይ ማስቀመጡ ነው።

የወረፋ ሒሳብ የተጀመረው በስልክ ነው። ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 የኮፐንሃገን የስልክ ጥሪዎችን መሠረት አድርጎ የመጀመሪያውን ጥናት ያሳተመ ሲሆን፣ አሜሪካዊው ጆን ሊትል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961 በአንድ ቦታ የሚገኘው አማካይ የሰው ቁጥር የአመጣጡ ፍጥነት በአማካይ ቆይታው ተባዝቶ እንደሚገኝ አረጋግጧል። በዚህ ስሌት በሰዓት 30 ሕሙማን የሚመጡበትና እያንዳንዱ በአማካይ 40 ደቂቃ የሚቆይበት ክፍል በማንኛውም ጊዜ 20 ያህል ሰው ይዞ ስለሚገኝ፣ ይህ አግዳሚ ወንበር የሚገዛ አስተዳዳሪ ሊያውቀው የሚገባ ቁጥር ነው። ቁጥር የሚቆርጠው ማሽን በስዊድን ተስፋፍቶ፣ በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1981 የተመሠረተው ኪውማቲክ ኩባንያ ሥርዓቱን በኤሌክትሮኒክስ ለዓለም ካሰራጩት አንዱ ነው። በኢትዮጵያ ትላልቅ የባንክ ቅርንጫፎች ደንበኞቻቸውን በቁጥር ወረቀት ማስተናገድ የጀመሩ ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም የብዙ መሥሪያ ቤቶችን ባለጉዳዮች በአንድ ጣሪያ ሥር ስላሰባሰበ የተራ አጠባበቅን ጉዳይ ይበልጥ አጉልቶታል።

ሥርዓቱ አራት ዋና ክፍሎች አሉት፤ እነሱም ተራ ቁጥሩን የሚያትመው ማሽን፣ በየመስኮቱ ተቀምጦ በአስተናጋጁ ጣት የሚጫነው መጥሪያ፣ ቁጥሩን የሚያሳየው ሰሌዳና ድምፅ ማጉያው ናቸው። በመካከላቸው ያለው ግንኙነት ወይ በ433 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ በሚሠራ ቀላል ሬዲዮ ወይም በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ዋይፋይ ይሆናል። የመጀመሪያው የሞገድ ርዝመት 69 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የሁለተኛው ደግሞ 12.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ረጅሙ ሞገድ ግድግዳን በተሻለ ስለሚያልፍ ወፍራም የድንጋይ ግንብ በተለመደበት፣ በላሊበላ ዙሪያ ባለው የላስታ ደጋ ሊመረጥ የሚገባው እሱ ነው። የሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀምን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በመሆኑ፣ ገዢው ተቋም የመሣሪያውን ፈቃድ ከግዢው በፊት ማጣራት ይኖርበታል።

ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ላሊበላ ሥርዓቱን የሚፈትነው መብራትና ኔትወርክ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ከተማዋ ከደረሰ በኋላ ኤሌክትሪክ ለብዙ ወራት ተቋርጦ የቆየ ሲሆን፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። በመሆኑም ቁጥሩን ከሩቅ አገር ኮምፒውተር የሚያመጣ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ሥርዓት ለዚህ አካባቢ አይበጅም፤ የሚበጀው ሙሉ ሥራውን በሕንፃው ውስጥ የሚጨርስና በባትሪ ወይም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ነው። ሽቦ አለመዘርጋቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ በሐምሌና በነሐሴ መብረቅ በሚበዛበት ደጋ በጣሪያ ሥር የተዘረጋ ረጅም ሽቦ ድንገተኛ የኤሌክትሪክ ግፊት ተቀብሎ መሣሪያውን ሊያቃጥል ይችላል።

ተከላው የሚጀምረው ከመሣሪያው ሳይሆን ሰው ከመቁጠር ነው። ቅዳሜ በላሊበላ የገበያ ቀን ስለሆነና ከየቀበሌው የሚመጣው ገበሬ ገበያውንም ባንኩንም ሕክምናውንም በአንድ መንገድ መጨረስ ስለሚፈልግ፣ በማክሰኞ ቆጠራ የተተከለ ሥርዓት ቅዳሜን አይችለውም። ከዚያ የሰሌዳው የሞገድ መቀበያ ከሰው ጭንቅላት በላይ፣ ከቆርቆሮና ከብረት ቁም ሣጥን ርቆ ይሰቀላል፤ የሰው ገላ በተለይ የ2.4 ጊጋ ኸርዝን ሞገድ ስለሚውጥ ሙከራው ባዶ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ሰው በሞላበት ሰዓት መደረግ አለበት። እያንዳንዱ መጥሪያ የራሱ መለያ ተሰጥቶት ከሰሌዳው ጋር ይጣመራል፤ አለዚያ በሆስፒታል የካርድ ክፍሉ መጥሪያ ሲጫን የመድኃኒት ቤቱ ሰሌዳ ሊዞር ይችላል።

ከውጭ የመጣ መሣሪያ ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው በሰዓት ነው። ማሽኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ከተተወ፣ ጠዋት 2፡30 ለመጣች እናት የሚሰጣት ወረቀት 8፡30 ይላል፤ እሷም ቀጠሮዋ ከሰዓት በኋላ እንደሆነ ተረድታ ብትሄድ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ስለዚህ የስድስት ሰዓቱ ልዩነትና የዘመን አቆጣጠሩ በተከላው ዕለት መስተካከል አለባቸው። ብዙዎቹ ትናንሽ ማተሚያዎች የግዕዝ ፊደል በውስጣቸው ስለሌላቸው ጽሑፉ እንደ ሥዕል ተዘጋጅቶ ይጫንባቸዋል፤ የአገልግሎት ዓይነት መለያውም በላቲን ፊደል ከሚሆን ሀ፣ ለ፣ መ ቢሆን ይሻላል።

ማንበብ ለማይችል ሰው ሰሌዳው ምንም አይነግረውም፤ የሚያገለግለው ድምፁ ነው። በአማርኛ ከ1 እስከ 999 ለመጥራት 20 ቃላት ብቻ ቀድቶ መገጣጠም ይበቃል፤ እነሱም ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉት፣ ከሃያ እስከ ዘጠና ያሉት ስምንት አሥሮች፣ መቶ፣ እንዲሁም አሥርና አሥራ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ተለይተው ካልተቀዱ ማሽኑ «አሥራ አንድ» ማለት ሲገባው «አሥር አንድ» ይላል፣ ሰሚውም አሥርና አንድ ሁለቱም የተጠሩ ይመስለዋል።

በአሠራር በኩል ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የተለየ ተራ ይመደብላቸዋል፤ ድንገተኛ ሕመምተኛ ግን ከነጭራሹ ቁጥር አይጠየቅም። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልቀረበ ሰው ተራው ሊሰረዝበት አይገባም፤ በእግሩ ብዙ ሰዓት ተጉዞ መጥቶ ለደቂቃ ወጣ ያለን ሰው እንደገና ከመጨረሻ ማሰለፍ በደል ስለሆነ፣ ሲመለስ ከቀጣዩ ተረኛ በኋላ ማስገባቱ የተሻለ ነው። በገና ሰሞን በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መተላለፊያዎች ለሚታየው የምእመናን ብዛት ግን ይህ ሥርዓት መፍትሔ አይሆንም፤ ያ የሰው ፍሰት እንጂ የመስኮት ወረፋ ስላልሆነ የሚጠይቀው የመግቢያና የመውጫ መንገድን መለየት ነው።

ማንኛውም ሥርዓት አንድ ቀን መቆሙ ስለማይቀር፣ ከ1 እስከ 200 የተጻፈባቸው የካርቶን ቁጥሮች በካርድ ክፍሉ መሳቢያ ተዘጋጅተው ሊቀመጡ፣ ሠራተኞችም በእነሱ ማስተናገድን አስቀድመው ሊለማመዱ ይገባል።