ፕላንክና ከእኛ ውጭ ያለው ዓለም

በዲሴምበር 1908 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፊዚክስ ሊቁ ማክስ ፕላንክ ከበርሊን ተነሥቶ ወደ ሆላንዷ ላይደን ከተማ ሄደና ፊዚክስ ስለሚሰጠን የዓለም ሥዕል ንግግር አደረገ። ፕላንክ ጠብ የማይወድ፣ ቃሉን መዝኖ የሚናገር፣ ዕድሜው ሃምሳ የሞላ ሰው ነበር። በዚያ ቀን ግን የዘመኑን ታላቅ አሳቢ ኤርንስት ማኽን ፊት ለፊት ሞገተ።

ማኽ እንደሚለው የሳይንስ ሥራ በስሜት ሕዋሳት ያገኘነውን ልምድ አሳጥሮና አደራጅቶ ማስቀመጥ ነው። ከስሜቶቻችን ጀርባ ቆሟል ስለሚባል እውነተኛ ዓለም ማውራት ትርፍ ነገር ነው። አቶምንም ቢሆን ለስሌት የሚያመች ሐሳብ እንጂ በእርግጥ ያለ ነገር አድርጎ አልተቀበለውም። ፕላንክ በበኩሉ ፊዚክስ የሚሻው ከሰው ስሜትና ከዘመን የተላቀቀ እውነት ነው አለ። የማርስ ነዋሪ ተመራማሪ ቢኖር እንኳ እዚያው ላይ መድረስ አለበት።

ማኽ በ1910 በጽሑፍ መለሰ፤ ክርክሩም እየመረረ ሄደ። የሚገርመው ፕላንክ ራሱ በወጣትነቱ በጀርመኗ ኪል ከተማ ሲያስተምር ከማኽ ጽኑ ተከታዮች አንዱ መሆኑ ነው፤ ይህንንም አልደበቀም። አቶም መኖሩንም ለብዙ ዓመታት ተጠራጥሯል። እንዲህ ያለውን ሰው የለወጠው የፍልስፍና መጽሐፍ አይመስለኝም። የለወጠው በ1900 መጸው በርሊን ላይ የገጠመው ነገር ነው።

በዚያን ጊዜ ሻርሎተንቡርግ በሚገኘው የጀርመን መንግሥት የልኬት ተቋም ተመራማሪዎች ከጋለ ባዶ ምድጃ በጠባብ ቀዳዳ የሚወጣውን ጨረር ይለኩ ነበር። ጨረሩ ምድጃው ከምን እንደተሠራ አይገደውም፤ ከብረትም ይሁን ከሸክላ፣ የሚወስነው የሙቀቱ መጠን ብቻ ነው። ይህን የፊዚክስ ሊቁ ኪርኾፍ ከአርባ ዓመት በፊት አሳይቶ ነበር። ፕላንክን የማረከውም እሱ ነው፦ ከቁሱ ዓይነት ነፃ የሆነ፣ በራሱ የቆመ ሕግ። በኦክቶበር 7 ጨረሩን ከሚለኩት አንዱ ሃይንሪኽ ሩበንስ ከባለቤቱ ጋር እቤቱ ድረስ መጥቶ፣ አዲሱ ልኬት በረጃጅም ሞገዶች ላይ ጨረሩን ይገልጻል ከሚባለው ነባር ቀመር ጋር እንዳልገጠመ ነገረው። ፕላንክ በዚያው ምሽት አዲስ ቀመር አወጣ። ኦክቶበር 19 ቀን ለጀርመን የፊዚክስ ማኅበር አቀረበው፤ ሩበንስም ከልኬቱ ጋር ሲያስተያየው ልክክ አለ።

ሌላ ሰው እዚህ ላይ ያቆም ነበር። ማኽን ለሚከተል ሰው ልምድን በአጭሩ የሚያደራጅ ቀመር ከተገኘ ምን ቀረ? ፕላንክ ግን ቀመሩ ለምን ትክክል እንደሆነ ሳያውቅ መተኛት አልቻለም። በሕይወቱ እጅግ አድካሚ የሆኑትን ሳምንታት ያሳለፈው ያን ጊዜ ነው። በመጨረሻም ለዓመታት ሲሸሸው ወደኖረው ወደ ፊዚክስ ሊቁ ሉድቪግ ቦልትስማን የአቶም ስሌት ለመግባት ተገደደ። ዲሴምበር 14 ቀን 1900 ያቀረበው ውጤት ኢነርጂ እንደ ውኃ ያለማቋረጥ ሳይፈስ፣ ከአንድ ቋሚ ቁጥርና ከሞገዱ ድግግሞሽ በሚሰላ ጥቃቅን መጠን ተቆራርጦ እንደሚሄድ የሚያሳይ ነበር።

ያንን ቋሚ ቁጥር ዛሬ የፕላንክ ቋሚ እንለዋለን። አባቱ ግን ለዓመታት ሊያስወግደው ደክሟል፤ ወደ ነባሩ ፊዚክስ ሊያስገባው፣ ቢያንስ ሊያለዝበው ሞክሯል። እንቢ አለው። ለእኔ የታሪኩ ልብ ይህ ነው። ሳይንስ ሐሳባችንን ማደራጀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያደራጀው ሰው ራሱ መልሶ ሊበትነው በቻለ ነበር። ፈጣሪው የማይፈልገው፣ ግን ሊነቅለው ያልቻለው ነገር ከሰው ውጭ የሆነ ሥር አለው ማለት ነው።

ማስረጃ ከሌላ አቅጣጫም መጣ። ፕላንክ ከምድጃው ጨረር ተነሥቶ የኤሌክትሮንን የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) አስልቶ ነበር፤ ስሌቱ ከዛሬው ልኬት የሚለየው ከሦስት በመቶ ባነሰ ነው። የላይደኑ ንግግር በተደረገበት በዚያው በ1908 የፊዚክስ ሊቃውንቱ ራዘርፎርድና ጋይገር ማንችስተር ላይ ከሬዲዮአክቲቭ ጨረር ተነሥተው በጣም ቅርብ የሆነ ቁጥር አገኙ። ምድጃና ራዲየም ምንም የማይዛመዱ ነገሮች ናቸው፤ መልሳቸው ግን ገጠመ።

ማኽን መናቅ አይገባም። ስለ ኒውተን ፍጹም ኅዋ ያነሣው ጥርጣሬ ወጣቱን አንስታይንን በጣም ጠቅሞታል። ፕላንክም በ1930 በርሊን ላይ ስለዚሁ ጉዳይ ሲናገር፣ ከስሜታችን ውጭ ምንም የለም የሚልን ሰው በሎጂክ ብቻ መርታት እንደማይቻል አምኗል። እውነተኛ ዓለም አለ ማለት ሳይንቲስት ሥራውን ሲጀምር የሚይዘው እምነት ነው፤ ያለዚያ እምነት ምርምር ይመክናል። ወደዚያ ዓለም እየቀረብን እንሄዳለን እንጂ ጨርሰን አንደርስም። ይህን ሲል በእሱ ቁጥር ላይ የተገነባው የነቦርና የነሃይዘንበርግ አዲስ ፊዚክስ ተመልካችን ከሚታየው ነገር መለየት ያስቸግራል እያለ ነበር። ፕላንክ በዚህ አልተደሰተም፤ ክርክሩም ዛሬ ድረስ አልተዘጋም።

አንድ ነገር ግን ፕላንክ እንዳለው ሆኗል። በ1899፣ ገና የተቆራረጠው የኢነርጂ መጠን (ኳንተም) ሳይታሰብ፣ ለሁሉም ዘመንና ለሰው ላልሆነ ፍጡር እንኳ የሚያገለግሉ የልኬት አሃዶችን ከተፈጥሮ ቋሚዎች ማውጣት እንደሚቻል ጽፎ ነበር። ያኔ የዓለም ኪሎግራም ፓሪስ አጠገብ ሴቭር ውስጥ በጥንቃቄ የተቀመጠ የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም ቁራጭ ነበር። ከሜይ 20 ቀን 2019 ጀምሮ ያ ቁራጭ ሥልጣኑን ለቀቀ። ኪሎግራም የሚተረጎመው ከነጥብ በኋላ 33 ዜሮ ተደርድሮ 662607015 በሚለው፣ በጁል ሰከንድ በሚነገረው በፕላንክ ቋሚ ነው።