ክሊራንስ
ጅቡቲ ወደብ ለሚውል ትራንዚተር «ክሊራንስ» ዕቃን ከጉምሩክ ማስለቀቅ ነው። አዲስ አበባ ሥራ ለሚለቅ ሠራተኛ ደግሞ ከንብረትና ከብድር ነጻ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት። አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ ካምፕ ሌሞኒየር፣ ሌላ ፍች አለው፦ የመንግሥትን ምስጢር ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ።

እዚያም ዕዳ ይጠየቃል፤ አጠያየቁ ግን ይለያል። የእኛው ወረቀት ጨካኝ ነው፤ ዕዳ ካለ ፊርማ የለም። በሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ መመሪያ ከ13 መመዘኛዎቹ አንዱን ለገንዘብ ጉዳይ ቢሰጥም፣ መበደር ብቻውን አያስከለክልም። ሰውየው ያልከፈለው አቅቶት ነው ወይስ እንቢ ብሎ? ከሥራ ተፈናቅሎ፣ ታሞ ወይም ትዳሩ ፈርሶ ነው? ከአበዳሪው ጋር ተስማምቶ መክፈል ጀምሯል? ዕዳውን ለፈቃዱ ከሚሞላው ቅጽ ላይ ሆን ብሎ መደበቅ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዕዳው ይከፋል።

ዕዳ ምስጢር ያሸጣል የሚለው ስጋት ከመሬት አልተነሣም። የሲአይኤው አልድሪክ ኤምስ በ1985 እ.ኤ.አ. ለሶቪየት ኅብረት መሰለል ሲጀምር ዕዳ ተጭኖት ነበር፤ የተያዘው በ1994 ነው። ጅቡቲ ላይ ደግሞ የአሜሪካ ተፎካካሪ ቻይና ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሷ ጦር ሰፈር አላት።