አንድ ስም፣ ብዙ ቅጂ፦ ሰነድን ከነቅጂው የመጥራት ታሪክ



በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ የቀድሞውን ዘመን ታሪክ የሚያጠና ሰው ገና ከመነሻው አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ በ1262 ዓ.ም. ዙፋኑ ከዛጉዌ ነገሥታት ወደ ይኩኖ አምላክ የተላለፈው እንዴት ነው? አንደኛው ትውፊት በስምምነት ነው ይላል፤ የዋግ ሹሞችም ግዛታቸውንና ማዕረጋቸውን ይዘው የኖሩት በዚያ ቃል ኪዳን እንደ ሆነ ይተርካል። ሌላው የመጨረሻው የዛጉዌ ንጉሥ በጋይንት በውጊያ መገደሉን ይናገራል። ይኩኖ አምላክን ለዙፋን ያበቃው መነኩሴ ማን እንደ ሆነም አንዱ ወገን አቡነ ተክለ ሃይማኖትን፣ ሌላው የሐይቁን አባ ኢየሱስ ሞዓን ይጠራል።

ስለዚህ ምስክሩን ለይቶ መጥራት ግድ ነው። አንድ አጥኚ «ገድለ ተክለ ሃይማኖት» ብሎ ብቻ ቢጠቅስ አንባቢው የትኛውን ይክፈት? ገድሉ የዋልድባ፣ የደብረ ሊባኖስና የሐይቅ የሚባሉ ቅጂዎች አሉት። ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1896 ያሳተመው የዋልድባውን ሲሆን፣ በጅ በ1906 ያወጣው የደብረ ሊባኖሱን ነው። ስሙ አንድ ነው፤ ቃሉ ግን ይለያያል።

ብዙ የብራና ጸሐፍት በመጽሐፉ ፍጻሜ የጸሐፊውን፣ የአስጻፊውንና የንጉሡን ስም፣ አንዳንዴም ዓመቱን ያኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጥራዝ ቁጥር ሰጠ። በዘመናችን የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲው «ቤተ መጻሕፍት» ፕሮጀክት በድረ ገጹ ለድርሰቱ አንድ መለያ፣ ድርሰቱን ለያዘው ብራና ሌላ መለያ ይሰጣል።

ሆኖም ድረ ገጽ እንደ ብራና አይደለም። ብራና ሲፋቅ ብዙ ጊዜ የመፋቁ ምልክት ይታወቃል፤ ገጽ ግን አድራሻው ሳይለወጥ ውስጡ ሊታረም ይችላል። የድርን ደንቦች የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ጥምረት ለራሱ ሰነዶች መፍትሔ አበጅቷል፤ እያንዳንዱ ሰነድ ሁለት አድራሻ አለው። አንዱ ምንጊዜም ወደ አዲሱ ቅጂ ይመራል፤ ሌላው የወጣበትን ቀን በውስጡ ይዞ ያንኑ ቅጂ ብቻ ያሳያል።

እኔ ከተማሪዎቼ የምጠይቀው ሁለተኛውን ዓይነት አድራሻ ነው። ከሌለም ገጹን ያነበባችሁበትን ቀን ጻፉ። የዋግን ታሪክ ነገ የሚመረምር የሰቆጣ ልጅ እኛ ያነበብነውን ቃል ካላገኘ፣ ሊቃወመንም ሊደግፈንም አይችልም።