የላይኛው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርትና የመንግሥት ወጪ፤ ከ1935 ዓ.ም. ወዲህ በኢትዮጵያ

ስለ ሀገራችን የትምህርት በጀት በሚደረግ ውይይት ሁሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት መስፋፋትና የዩኒቨርሲቲዎች መብዛት ሰፊ ቦታ ይይዛሉ። በሁለቱ መካከል ስላሉት ስለ 11ኛና 12ኛ ክፍል የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የነዚህ ክፍሎች ወጪ በየዘመኑ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖረ እንጂ ከቶ ቀርቶ አያውቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የዚህን ዝውውር መንገድ መከተል ነው።

በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ሲከተለው፣ ተማሪዎቹ በብዛት አዳሪዎች ነበሩ። ምግቡም መኝታውም ደብተሩም ከመንግሥት ነው። መምህራኑም አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ስለ ነበሩ ደመወዛቸው ቀላል አልነበረም። ይህን ያህል ልግስና የተቻለው ተማሪው እጅግ ጥቂት በመሆኑ ነው። ከዚህም በላይ መንግሥት የተማረ ሠራተኛ አጥብቆ ይሻ ስለ ነበር፣ ያወጣው ገንዘብ በጸሐፊነት፣ በመምህርነትና በመኮንንነት ብዙም ሳይቆይ ይመለስለት ነበር።

በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የተጣለው የትምህርት ግብር ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት የታሰበ ሲሆን፣ ለሁለተኛ ደረጃው የሚከፍለው ማዕከላዊው ግምጃ ቤት ነበር። እንግዲህ ባላገሩ በአንዱ ግብር የአካባቢውን ትምህርት ቤት ሲደግፍ፣ በሌላው ግብሩ ደግሞ የከተማውን ሁለተኛ ደረጃ አብሮ ይደጉም ነበር ማለት ነው። የራሱ ልጅ እዚያ መድረሱ ግን ያጠራጥር ነበር።

በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት ስለ ትምህርት በአዲስ አበባ ሲሰበሰቡ፣ ኢትዮጵያ ከብዙዎቹ ወደ ኋላ መቅረቷ በግልጽ ታየ። ከዚህ በኋላ ትምህርት ቤት ለመሥራት የውጭ ዕርዳታና የዓለም ባንክ ብድር ተጨመረ፤ የሙያ ትምህርትን ከቀለም ትምህርት ጋር ያጣመሩ ኮምፕሬሄንሲቭ ትምህርት ቤቶችም ተስፋፉ። ተማሪው ሲበዛ አዳሪነቱ እየቀረ ሄደ። ከገጠር የመጣውም ልጅ በከተማ ቤት ተከራይቶ ስንቁን ከወላጆቹ እያስመጣ መማር ጀመረ። ይህ ወጪ በማናቸውም የበጀት መዝገብ ላይ አይገኝም።

ክርክሩ በይፋ የፈነዳው በ1966 ዓ.ም. ነው። በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው፣ ሕዝቡ «ሴክተር ሪቪው» ብሎ የሚያውቀው ጥናት፣ ያለው ገንዘብ በቅድሚያ ለአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲውልና የሁለተኛና የከፍተኛ ደረጃ ዕድገት በልክ እንዲያዝ ይመክር ነበር። በሒሳብ ረገድ አጥኚዎቹ ተሳስተዋል ማለት ያስቸግራል፤ ለጥቂቶች የሚወጣው ገንዘብ ብዙዎችን ማስተማር ይችል ነበርና። የዘነጉት ነገር ቢኖር፣ 12ኛ ክፍል ለአንድ ድኃ ቤተሰብ ከመሬትና ከከብት ሌላ ያለ ብቸኛ የማደጊያ መንገድ መሆኑን ነው። ወላጁ ዕቅዱን «የድኃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል አይለፍ» የሚል አድርጎ ተረዳው። መምህራን በየካቲት ወር ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ። አብዮቱን ከቀሰቀሱት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ሆነ።

በ1967 ዓ.ም. የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ። ከዘመቻው በኋላም ተማሪው በዛ፤ ጦርነቱ ግን የመንግሥትን ገንዘብ ይበላ ስለ ነበር ጭማሪው የተስተናገደው ክፍል በማጨናነቅና በፈረቃ በማስተማር ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ውሳኔ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው የመንግሥት ድጋፍ በቅድሚያ እስከ 10ኛ ክፍል እንዲሆን፣ ከዚያ በላይ ወጪ መጋራት እየጨመረ እንዲሄድ ደነገገ። ለመጀመሪያ ጊዜ 11ኛና 12ኛ ክፍል ከመስመሩ ማዶ ተቀመጡ። በ1994 ዓ.ም. መሰናዶው ሲጀመር የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ወደ እነዚሁ ክፍሎች ወረደ። ትምህርቱ ሲወርድ ግን የዩኒቨርሲቲው ማደሪያና ምግብ አብረው አልወረዱም። የመምህሩ ደመወዝ በወረዳው በጀት ላይ ወደቀ፤ ወረዳው ደግሞ ከሚደርሰው ድጎማ አብዛኛውን ለደመወዝ ስለሚያውለው፣ ለቤተ ሙከራና ለመጻሕፍት የሚተርፈው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። የመማሪያ ክፍል ማሠሪያውም ከኅብረተሰቡ መዋጮ ይጠበቅ ነበር። በ1997 ዓ.ም. በየትምህርት ቤቱ የተተከለው ፕላዝማ ቴሌቪዥን ብዙ ገንዘብ ቢፈስበትም፣ መብራት በሌለበት ወይም በሚቆራረጥበት ስፍራ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ቀረ።

በዚሁ ዘመን የፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ ወደ አዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጎረፈ፤ ቁጥራቸውም ከ40 በላይ ደረሰ። ወደነዚህ ግቢዎች መግቢያው በር 12ኛ ክፍል መሆኑ ሳይዘነጋ አልቀረም ብሎ መናገር ይቻላል።

በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዲስ ፖሊሲም ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን መልሶ አንድ እርከን አደረገው። በዚያው ዓመት ጥር የተገለጸው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ግን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ ከመቶ 3.3 ብቻ መሆኑን አሳየ። ከዚህ የተነሣ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ማለፊያውን ሳያገኙ ለማካካሻ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ ተጠሩ። የሚማሩት የ11ኛና የ12ኛ ክፍልን ትምህርት ነበር፤ ምግቡና መኝታው እንደ ኮተቤው ዘመን ከመንግሥት ሆነ።