የበረሃው ጫካና የአሸዋው ኮረብታ፦ የጎልፍ ሜዳን የሚያስደስተው ምንድን ነው?

የመጽሔቱ አዘጋጅ ኮሚቴ ለዘንድሮው እትም ስለ አንድ የግንባታ ዘርፍ ታሪክ እንድጽፍ ሲጠይቀኝ፣ ርእሱን ራሴ እንድመርጥ ፈቅዶልኝ ነበር። ድልድይ ወይም ግድብ ይመርጣል ብለው የጠበቁ የሙያ ባልደረቦቼ የጎልፍ ሜዳ መምረጤን በሰሙ ጊዜ ፈገግ ማለታቸው አልቀረም። ነገር ግን የጎልፍ ሜዳ ከአፈር፣ ከውሃና ከሣር የሚበጅ፣ ስድሳና ሰባ ሄክታር መሬት የሚሸፍን የምሕንድስና ሥራ ነው። ከሌሎች ሥራዎቻችን የሚለይበትም ነገር አለው። ድልድይ ጭነቱን ከተሸከመ፣ ግድብም ውሃውን ከያዘ መሐንዲሱ ግዴታውን ተወጥቷል፤ የጎልፍ ሜዳ ግን ሁሉ ነገሩ በትክክል ተሠርቶ ሳለ፣ የሚጫወትበት ሰው ደስ ካላለው ከንቱ ሆኖ ይቀራል። ደስታ ደግሞ በሜትር ኩብ አይለካም።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባብያን በአጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ ነገሩ እንደ ገናችን በዱላ ኳስ መምታት ነው፤ ልዩነቱ ተጋጣሚ ቡድን በመካከል ገብቶ ኳሷን የማይነጥቅ መሆኑ ነው። ተጫዋቹ ከመነሻው ይነሣና ፌርዌይ በሚባለው በታጨደ ሰፊ ጎዳና ላይ ኳሷን እየመታ፣ ግሪን ወደሚባለው ለስላሳ ሣር ያደርሳታል፤ ከዚያም ከአንዲት ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ያስገባታል። ይህንኑ 18 ጊዜ ይደጋግማል። እንግዲህ ባላጋራው መሬቱ ራሱ ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው ሜዳዎች በአሜሪካ የሚገኙና በግል የተሠሩ ናቸው፤ በእግሬ አልረገጥኋቸውም፤ የማውቃቸው በካርታ፣ በፎቶግራፍና ስለ እነርሱ ከተጻፈው ነው። የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ መሬት የሚሉት ባላጋራ በመጀመሪያ የሰው እጅ ሥራ አልነበረም። በስኮትላንድ ዳርቻ፣ በባሕሩና በእርሻው መካከል፣ ለማረሻ የማይሆን አሸዋማ መሬት አለ። በጎች ሣሩን እየጋጡ ያሳጥሩታል፤ ከነፋስ ሲሸሹ የተኙበት ቦታ ደግሞ እየተቦረቦረ የአሸዋ ወጥመድ ይሆናል። የሴንት አንድሩስ አሮጌው ሜዳ እንዲህ ባለ መሬት ላይ በዘመናት ብዛት የተፈጠረ እንጂ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የነደፈው አይደለም። ቀድሞ 22 የነበሩት ምዕራፎቹ በ1764 ወደ 18 ዝቅ ያሉት በዚያው ነው። መሬቱ የከተማው ሕዝብ የጋራ ንብረት ሲሆን፣ በልማዱ እሑድ እሑድ ጨዋታው ይቆምና ሕዝቡ ይንሸራሸርበታል። ጎዳናዎቹ እጅግ ሰፊ ናቸው። ጀማሪው ወዲያ ወዲህ እያለ በሰላም ይደርሳል፤ ብልሁ ተጫዋች ግን ኳሷን የትኛው ጎን ላይ ቢያሳርፍ የሚቀጥለው ምት እንደሚቀልለት ያሰላል። አንዱ ሜዳ ለሁለቱም የተለያየ ጥያቄ ያቀርባል ማለት ነው።

ይህን ምስጢር በጽሑፍ ካሰፈሩት ሰዎች አንዱ ዶክተር አሊስተር ማኬንዚ ነው። በሙያው ሐኪም የነበረው ይህ ሰው በቦር ጦርነት ጊዜ፣ ቦሮች ምሽጋቸውን ከመልክዐ ምድሩ ጋር አመሳስለው ሲደብቁ ተመልክቶ ነበርና፣ በኋላ የጎልፍ ሜዳ ሲነድፍ የሰው እጅ ያረፈበት ከተፈጥሮው እንዳይለይ አጥብቆ ይጥር ነበር። በ1920 ባሳተመው መጽሐፍ ሜዳ ለደካማውም ለብርቱውም ተጫዋች አስደሳች መሆን እንዳለበት፣ የጠፋ ኳስ መፈለግ የሚያመጣው ንዴትም ፈጽሞ መወገድ እንዳለበት ጽፏል። ከታወቀው ተጫዋች ከቦቢ ጆንስ ጋር የሠራው፣ በ1933 የተመረቀው የጆርጂያው ኦገስታ ናሽናልም በመጀመሪያ መልኩ ሰፋፊ ጎዳናዎችና ጥቂት የአሸዋ ወጥመዶች የነበሩት ሜዳ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ቡልዶዘር መጣ። በፈረስና በበቅሎ ሲጎተት የኖረው አፈር በአንድ ቀን ተራራ ሆኖ ይከመር ጀመር። ሮበርት ትሬንት ጆንስ በሚቺጋን የሚገኘውን ኦክላንድ ሂልስን ለ1951 ታላቅ ውድድር እንደ ገና ባበጀው ጊዜ ሜዳው በአስቸጋሪነቱ ዝናው ገነነ፤ ከዚያ ወዲያ የሜዳ ክብር በአስቸጋሪነቱ መለካቱ ፋሽን ሆነ። በዚህ ላይ የቤት ነጋዴዎች ሜዳውን በቪላ መካከል እያጠላለፉ ይዘረጉት ስለ ነበር፣ ከአንዱ ግሪን ወደ ሚቀጥለው መነሻ ለመሄድ አስፋልት መሻገርና በትንሽ መኪና መጓዝ ግድ ሆነ። ዘመኑ ለሕንፃ ተቋራጮች መልካም ነበር፤ ለተጫዋቾቹ ግን እንደዚያ ነበር ለማለት አልደፍርም።

የዚህ ዘመን ቁንጮ፣ በኔ አስተያየት፣ ሻዶ ክሪክ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ የቁማር ቤቶች ባለቤት የነበረው ስቲቭ ዊን፣ ከነዳፊው ከቶም ፋዚዮ ጋር ሆኖ፣ በላስ ቬጋስ አጠገብ እንደ ጠረጴዛ በተዘረጋ በረሃ ላይ ለራሱና ለእንግዶቹ አሠራው። የቦታው ዝናብ በዓመት ከ100 ሚሊሜትር እምብዛም አይበልጥም። ቡልዶዘሮች በሚሊዮን የሚቆጠር ሜትር ኩብ አፈር እየቆፈሩ ዳር ዳሩን ከመሩት፤ በዚያ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎች ተተከሉ፤ ጅረት፣ ኩሬና ፏፏቴ ተሠራ። ወጪው በአሥር ሚሊዮኖች ዶላር የሚገመት ነው። መሬቱ ወደ ታች ስለ ተቆፈረና ዙሪያው ስለ ተከበበ፣ ከውስጥ የቆመ ሰው ጥድ፣ ውሃና ከሩቅ የተራራውን ጫፍ ብቻ ያያል፤ በረሃውንም ከተማውንም ይረሳቸዋል።

ይህን ሥራ ማቃለል ተገቢ አይደለም። የቁፋሮውና የሙሌቱ ስሌት፣ የመስኖው አዘረጋግ፣ ጎርፍ እንዳይቦረቡረው የተደረገው ጥንቃቄ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ በራሱ ሸለቆ ውስጥ ተሰውሮ ስለሚገኝ፣ ተጫዋቹ ብቻውን ያለ ይመስለዋል፤ ይህም ታላቅ ደስታ ነው። ሆኖም ደስታው የተመልካች ደስታ ይመስለኛል። መጋረጃው ሲገለጥ ትዕይንቱ ያስደንቃል፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ ሲታይ ግን የሚቀጥለው ምን እንደ ሆነ ይታወቃል። ሠሪው ዓይንን ለማርካት የደከመውን ያህል ተጫዋቹ እንዲያመነታ፣ እንዲመርጥና በምርጫው እንዲጸጸት የደከመ አይመስለኝም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1995፣ የዚህ ፍጹም ተቃራኒ የሆነ ሜዳ በኔብራስካ ተከፈተ። የኔብራስካ የአሸዋ ኮረብታዎች ወደ 50,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍኑ፣ ነፋስ የከመራቸው፣ ሣር የያዛቸው የአሸዋ ክምሮች ናቸው። የአሜሪካ መንግሥት በ1904 ባወጣው ሕግ ለያንዳንዱ ሠፋሪ 260 ሄክታር ያህል እንዲሰጥ ቢፈቅድም፣ መሬቱን ለማረስ የሞከሩት አብዛኞቹ ከስረው ወጡ፤ የጸናው ከብት አርቢው ብቻ ነው። ማረሻ የማይሆንለት፣ ነፋስ የማይለየው አሸዋማ መሬት፦ አንባቢ የስኮትላንዱን ዳርቻ ሳያስታውስ አይቀርም። ባሕሩ ብቻ ነው የጎደለው።

ዲክ ያንግስካፕ የተባለ ሰው በመለን ከተማ አጠገብ ከ3,000 ሄክታር በላይ የሚሆን መሬት ከገዛ በኋላ፣ ቢል ኩርንና ቤን ክሬንሾን ነዳፊዎች አድርጎ አመጣቸው። እነርሱም በኮረብታዎቹ መካከል ደጋግመው እየተመላለሱ፣ ተፈጥሮ ያዘጋጀቻቸውን ምዕራፎች በካርታ ላይ ይመዘግቡ ጀመር። ከ130 በላይ አገኙ! የቀረው ሥራ የሚያስፈልጉትን 18 መምረጥና፣ ከአንዱ ግሪን ወደ ሚቀጥለው መነሻ የሚደረገው ጉዞ ጥቂት እርምጃ ብቻ እንዲሆን አድርጎ ማያያዝ ነበር። የተንቀሳቀሰው አፈር ከጥቂት ሺህ ሜትር ኩብ አልዘለለም። ሻዶ ክሪክን ያስታውሷል።

እዚህ ላይ ስለ ግሪን ጥቂት ልበል። የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር በ1960 ባወጣው መመሪያ መሠረት ግሪን የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ከታች የፍሳሽ ቱቦ፣ በላዩ 10 ሳንቲሜትር ጠጠር፣ በዚያ ላይ 30 ሳንቲሜትር ያህል የተመጠነ የአሸዋ ድብልቅ። በደቃቁ አሸዋ ውስጥ ያለው ውሃ፣ በቀጫጭኖቹ ቀዳዳዎች ስለሚያዝ፣ ሰፋፊ ቀዳዳ ወዳለው ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ ለሥሩ የሚበቃው እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ዝናብ ሲበዛ ግን ትርፉ በክብደቱ ይወርዳል። ድንቅ ዘዴ ቢሆንም ብዙ ገንዘብ ይበላል። በሳንድ ሂልስ የነበረው አሸዋ ግን ለግሪን የሚስማማ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ያን ሁሉ ድርብርብ መሥራት ሳያስፈልግ ሣሩ በዚያው በተፈጥሮው አሸዋ ላይ ተዘራ።

የጥንቃቄው ሥራ ሌላ ቦታ ላይ ነበር። የዚያ አገር ከብት አርቢ አብዝቶ የሚፈራው ሣሩ አንድ ቦታ ላይ መላጡን ነው፤ ነፋሱ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ኮረብታውን ይቦረቡረዋልና። ነዳፊዎቹ አርቢው የሚጠላቸውን እነዚያን ነፋስ የቦረቦራቸውን ጎድጓዶች እንዳሉ ወስደው የአሸዋ ወጥመድ አደረጓቸው። ዛሬም ቢሆን ነፋሱ ቅርጻቸውን መለወጡን አላቆመም።

በጨዋታው በኩል ስንመለከተው፣ ጎዳናዎቹ ለነፋሱ ሲባል ሰፊ ናቸው፤ መሬቱ ደረቅና ጠንካራ ስለ ሆነ ኳሷ ካረፈች በኋላ ረጅም ትንከባለላለች። ስለዚህ ተጫዋቹ በአየር ልላክ ወይስ በምድር ላንከባልል ብሎ መወሰን አለበት። ሰባተኛው ምዕራፍ 260 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ብርቱ ሰው በአንድ ምት ሊደርስበት ይመኛል። ከግሪኑ በስተ ግራ ግን ጥልቅ የአሸዋ ወጥመድ ተጋድሟል። የሚፈራ ሰው በሁለት አጫጭር ምት ይሄዳል፤ የደፈረ ይሞክራል። ነፋሱ በማግሥቱ አቅጣጫውን ሲለውጥ የትናንቱ ውሳኔ አይሠራም። ሺህ ጊዜ ቢጫወቱበት የማያልቀው ይህ ይመስለኛል።

ይህን ስጽፍ ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት የደረሰ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በአንድ የሥራ ቦታ ላይ የግቢውን መሬት ለማስተካከል በመካከሉ የነበረችውን ጉብታ ቆርጠን እንድናነሣ ፕላኑ ያዝዝ ነበር፤ ከነዳፊዎቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። የአካባቢው ሽማግሌ ጉብታዋ ውሃ እንደምትመልስ ነግረውን ነበር። ቁፋሮ የሚከፈለው በሜትር ኩብ ነው፤ ጉብታዋን ለመተው የሚከፈል ገንዘብ ግን በውሉ ውስጥ አልነበረም። ቆረጥናት። በሚቀጥለው ክረምት ጎርፉ አዲሱን ሜዳ ከመካከሉ ሰንጥቆት ሄደ። ኩርና ክሬንሾ ከ130 ውስጥ 18 መርጠው የቀረውን እንዳለ መተዋቸውን ባነበብሁ ጊዜ፣ ከማንኛውም ስሌት ይልቅ የገረመኝ ይኸው ነው።

መሬቱ መልካም ሆነ ማለት ብቻውን አይበቃም። በዚያው በመለን አካባቢ ዲስማል ሪቨር የሚባል ሌላ የግል ክለብ አለ። የመጀመሪያውን ሜዳውን፣ በ2006 የተከፈተውን፣ የነደፈው ታላቁ ተጫዋች ጃክ ኒክላውስ ነው። አሸዋው ያው፣ ነፋሱም ያው ነው፤ ነገር ግን ሜዳው በመጀመሪያ እጅግ ያስቸግራል ተብሎ ስለ ተወቀሰ ጥቂት ግሪኖች እንዲለዝቡ ተደረገ። በ2013 ቶም ዶክ በዚያው ክለብ ሁለተኛ ሜዳ ሲያክል፣ ለእግረኛ የሚመች፣ ከመሬቱ ጋር የማይታገል መስመር መረጠ። እኚሁ ነዳፊ በ2006 በኮሎራዶ፣ በሆሊዮክ አጠገብ፣ ባሊኒል የተባለውን ሠርተው ነበር። በዚያ የሚሄዱት በእግር ብቻ ነው፤ መነሻውን የሚያመለክት ምልክትም የለም፤ ያለፈውን ምዕራፍ ያሸነፈው ሰው ከየት እንደሚጀመር ይመርጣል። ነጥብ ቆጣሪዎችን ያበሳጭ እንደ ሆነ እንጂ፣ ጓደኛሞች አብረው ለሚጫወቱበት ሜዳ ከዚህ የተሻለ ሕግ አላየሁም።

የሚከነክነኝ ሌላ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለው ጨዋታ የተወለደው እረኛና ዓሣ አጥማጅ በሚያልፉበት የጋራ መሬት ላይ ሲሆን፣ በአሜሪካ እንደ ገና ያበበው ግን በአባላት ብቻ በሚከፈት በር ውስጥ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ቤት መሸጥም ሆነ የውድድር ተመልካች መሳብ የማይፈልግ ባለንብረት ነዳፊውን አያጣድፈውም። ሻዶ ክሪክ ራሱ፣ ከጊዜ በኋላ፣ ለባለቤቱ ሆቴሎች እንግዶች በከፍተኛ ዋጋ ተከፍቷል። በ1999 ደግሞ በኦሪገን የባሕር ዳርቻ ባንደን ዱንስ ተከፈተ፤ እርሱም በአሸዋ ኮረብታ ላይ የተሠራ፣ በእግር የሚኬድበት ሜዳ ሲሆን፣ የአባልነት ደብተር ሳይጠይቅ ዋጋውን የከፈለውን ሁሉ ያስተናግዳል።