የሽቦው ሰርከስ

በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ሠዓሊ ወይም የሠዓሊ ወዳጅ ከሆኑ፣ አንድ ምሽት አንድ ደንዳና አሜሪካዊ ዘንድ መጋበዝዎ አይቀርም። ወንበር አይጠብቁ፤ ሣጥን ላይ ነው የሚቀመጡት። ሰውየው ሻንጣ ከፍቶ ወለሉ ላይ ይንበረከክና ከሽቦ፣ ከቡሽ፣ ከእንጨትና ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሠሩ ትንንሽ ፍጥረታት ይደረድራል። አንበሳ አለ፤ ጡንቸኛ አለ፤ ሰይፍ ዋጭም አለ። ግራሞፎኑ ሲዞር ትርኢቱ ይጀመራል።

ሰውየው አሌክሳንደር ካልደር ነው። አባቱም አያቱም ቀራፂዎች ነበሩ፤ እሱ ግን በ1919 የተመረቀው በመካኒካል ምህንድስና ነው። በ1925 አንድ ጋዜጣ ሰርከስ እንዲሥል ቢልከው ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚያው ከረመ። በ1926 ፓሪስ ገባና በፒንሳና በሽቦ የራሱን ሰርከስ ይሠራ ጀመር። እስከ 1931 ድረስ ሁለቱ ሻንጣ አምስት ሆነ።

መቼም ዋናው ነገር አሠራሩ ነው። ሞተር የለም። ካልደር ክር ይስባል፣ እጀታ ያዞራል፣ በአፉም ያገሳል። የዥዋዥዌው ሰው ከአንዱ ዘንግ ተወርውሮ ሌላው ላይ መንጠልጠል አለበት፤ አንዳንዴ ይስታል። ሲስት ካልደር አንስቶ እንደገና ይሞክራል፤ ተመልካቹም ትንፋሹን ይይዛል። ልብ በሉ፣ ተመልካቹ ማን ነው? ሌዤ፣ ሚሮ፣ ለ ኮርቡዚዬ! እነዚህ ሁሉ አንዲት የሽቦ ቁራጭ ትይዝ ይሆን ትወድቅ ይሆን ብለው ተጨንቀዋል።

አሻንጉሊት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። የኛ ቋንቋ ግን እዚህ ላይ ብልህ ነው፤ ልጅ የሚጫወተውም አዋቂ ተሰብስቦ የሚያወራውም «ጨዋታ» ነው። የካልደር ሰርከስ ሁለቱንም ነበር። ከቁም ነገሩም አልራቀም። በ1930 የሞንድሪያንን ስቱዲዮ ጎብኝቶ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ባለቀለም ካርቶኖች ባንቀሳቅሳቸውስ ብሎ አሰበ፤ ሞንድሪያን ሐሳቡን አልተቀበለውም። ካልደር ግን ወዲያው በእጀታና በሞተር የሚንቀሳቀሱ ቅርፃ ቅርፆች ሠራ፤ በ1931 ዱሻን «ሞባይል» ብሎ ስም አወጣላቸው። በኋላ ሞተሩንም ተወና ሥራውን ለነፋስ ሰጠ። ሚዛን፣ ክብደት፣ የሚወዛወዝ ሽቦ፦ ሁሉም አስቀድሞ ሻንጣው ውስጥ ነበር እኮ!

ካልደር በ1976 ሞተ። ሰርከሱን ኒውዮርክ የሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ገዛው። ጨርቁ ሳስቷል፣ ሽቦው ደክሟል፤ ስለዚህ ማንም አያንቀሳቅሰውም። ጠባቂዎቹን አልወቅስም፤ ቢነካካ ይፈራርሳል። ግን በመስታወት ውስጥ ያለው የዥዋዥዌ ሰው መቼም አይስትም፤ እኔን የሚከፋኝም ይኸው ነው። ያቺ የመሳት ዕድል እኮ ናት ያን ሁሉ ሰው ሣጥን ላይ ያስቀመጠችው።

ደግነቱ በ1961 ካርሎስ ቪላርዴቦ ፊልም ቀርፆለታል። ካልደር እዚያ ስድሳውን አልፏል፣ ፀጉሩ ነጭቷል፣ ጣቶቹ ወፍራም ናቸው። ሚስቱ ሉዊዛ ግራሞፎን ታጫውታለች፤ እሱ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ክሩን ይስባል።