ሲንደሬላ ድሮም ታዛዥ ነበረች እንዴ?

ሲንደሬላን የማያውቅ አለ? ክፉ የእንጀራ እናት፣ ሰረገላ የሆነ ዱባ፣ እኩለ ሌሊት፣ የመስታወት ጫማ። ልጅቷ ታዛዥና ታጋሽ ነበረች፤ ስለዚህ ልዑሉን አገባች፤ በቃ። ይህን ተረት ለወጣት አንባቢ ብሎ አዲስ አድርጎ የሚጽፍ ሲመጣ ታዲያ «ዋናውን አበላሹት» የሚል አይጠፋም። ለመሆኑ ዋናው የቱ ነው?

እኛ ያነበብነው አሜሪካዊቷ ጌይል ካርሰን ሌቪን በ1997 ያሳተመችውን «ኤላ ኢንቻንትድ» ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። «ድግምት ያለባት ኤላ» እንደ ማለት ነው። በ1998 የኒውበሪን የክብር ሽልማት አግኝቷል፤ በ2004 ደግሞ ፊልም ሆኗል። ሌቪን ሲንደሬላን ልትጽፍ ስትነሳ የልጅቷ ጨዋነት በዛባት። ሰው እንዲህ ዝም ብሎ የሚታዘዘው ለምንድን ነው? መልስ አገኘች፦ ተደግሞባት ነው! ኤላ ስትወለድ ሉሲንዳ የምትባል አስማተኛ ታዛዥነትን «ስጦታ» ብላ ትሰጣታለች። ከዚያ ወዲያ ማንም ቢያዛት እምቢ ማለት አትችልም። በኋላ የእንጀራ እህቷ የምትሆነው ሃቲ ይህን ትደርስበትና እንደ ልቧ ትጫወትባታለች።

ይህ የዘመናችን አመፅ ከመሰላችሁ ወደ ኋላ እንሂድ። በዘጠነኛው መቶ ዘመን ቻይናዊው ዱዋን ቼንግሺ የመዘገባት ዬ ሺየን ቤት ጠብቂ ስትባል ትታ ወደ በዓሉ ትሄዳለች። በ1634 የታተመችው የኔፕልሱ ባሲሌ ዜዞላማ ብሳ ተገኘች፤ የመጀመሪያዋን የእንጀራ እናቷን በሳጥን ክዳን አንገቷን ሰብራ ትገድላታለች።

ጨዋዋን ልጅ ያመጣልን ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ ነው፤ በ1697። ዱባውም የመስታወት ጫማውም አስማተኛዋ የክርስትና እናትም የመጡት ከእሱ ነው። የእሱ ሲንደሬላ እህቶቿን ይቅር ትላለች፤ ይባስ ብላም ለመኳንንት ትድራቸዋለች። የግሪም ወንድማማቾች በ1812 ባወጡት ትረካ ግን ዱባ የለም። የሚረዳት በእናቷ መቃብር ላይ የበቀለው ዛፍ ነው፤ እህቶቿም ጫማው እንዲገባላቸው እግራቸውን ይቆርጣሉ። ዲዝኒ በ1950 ፊልሙን ሲሠራ የፔሮን መረጠ፤ ዓለምን የዞረውም እሱ ነው። እንግሊዛዊቷ ማሪያን ኮክስ በ1893 ከዚህ ተረትና ከዘመዶቹ 345 ዓይነት ሰብስባ አሳትማለች። እኛ «ዋናው» የምንለው እንግዲህ ከእነዚያ ሁሉ አንዱ፣ የፈረንሳይ ባለሟሎች ጣዕም ያለበት ብቻ ነው። ሌቪን ተረቱን አላበላሸችውም፤ ለልጅቷ የድሮ ወኔዋን መለሰችላት እንጂ።

መጨረሻውን ብንነግራችሁም መጽሐፉ አይረክስም። ልዑሉ «አግቢኝ» ይላታል። ትወደዋለች። ግን ድግምቱ ሳይፈታ ብታገባው ጠላቶቹ እሷን አዘው ሊያጠፉት ይችላሉ። ስለዚህ በሙሉ ኃይሏ እምቢ ትላለች፤ ድግምቱም ያኔ ይሰበራል።

እኛ ዘንድ «ታዛዥ ልጅ» ሙገሳ ነው፤ ምርቃትም ነው። መታዘዝ ክፉ ነው አላልንም። ግን እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺታው ምን ይመዝናል? ኤላ ልዑሉን በመጨረሻ ታገባዋለች፤ ወዳና ፈቅዳ።